«ዞው» መሄድ ነው መሮጥ? ስለ ቻይንኛ ፈሊጦች የተነሣ ጥያቄ

ጥያቄ፦ ሰላም ቤተሰብ። ቻይንኛ እየተማርኩ ነው፤ አንድ ፈሊጥ አላራምድ አለኝ። «ዞው ማ ጓን ኽዋ» ይላሉ። «ማ» ፈረስ ነው። «ጓን» ማየት፣ «ኽዋ» አበባ። «ዞው»ን መማሪያ መጽሐፌ «በእግር መሄድ» ይለዋል። ፈሊጡ ግን ነገሩን ገረፍ አድርጎ አይቶ ማለፍ ማለት ነው ተባልኩ። ታዲያ ፈረሱ ቀስ ብሎ ከሄደ አበባው እንዲያውም ደህና አድርጎ አይታይም እንዴ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥርጣሬሽ ልክ ነው። ፈረሱ እየጋለበ ነው። ፈሊጡ ሲወለድ «ዞው» መሮጥ ነበር፤ ወደ «መሄድ» የወረደው ኋላ ነው። የፊደሉን ጥንታዊ ቅርጽ ብታዪው ራሱ ይናገራል፦ እጁን እያወዛወዘ የሚሮጥ ሰው፣ ከሥሩ የእግር ምልክት።

በሃን ሥርወ መንግሥት መጨረሻ ገደማ፣ እ.ኤ.አ. 200 አካባቢ፣ ሊዩ ሺ የሚባል ሊቅ የቃላት መፍቻ አዘጋጅቶ ነበር። በዝግታ መሄድ «ቡ» ይባላል፣ ፈጠን ብሎ መሄድ «ቹ» ይባላል፣ ከዚያም የፈጠነው «ዞው» ነው ይላል። ሦስት ደረጃ ነው፤ «ዞው» ላይኛው ላይ ተቀምጧል።

ከእሱ በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን ዓ.ዓ. የነበረው ፈላስፋ ሃን ፌይ ደግሞ የአንዱን ገበሬ ታሪክ ጽፏል። ጥንቸል «ዞው» ብላ ከጉቶ ጋር ተላትማ አንገቷ ተሰብሮ ሞተች። ገበሬው ድግሩን ጥሎ ሌላ ጥንቸል ትመጣለች ብሎ ጉቶው ሥር ተቀመጠ። እንግዲህ በእርምጃ የምትሄድ ጥንቸል በጉቶ አንገቷን አትሰብርም።

የአንቺ ፈሊጥ መነሻው መንግ ጃው የተባለው የታንግ ዘመን ባለቅኔ ነው። የመንግሥት ፈተና ወድቆ ወድቆ፣ እ.ኤ.አ. በ796 ከአርባ ዓመቱ በኋላ አለፈ። በደስታ ፈረሱን እያስጋለበ የዋና ከተማዋን የቻንግአንን አበባ ሁሉ በአንድ ቀን አይቼ ጨረስኩ ብሎ ገጠመ። እሱ መፈንጠዙ ነበር። ሕዝቡ ነው ኋላ ወደ ስድብ ያዞረበት፤ በአንድ ቀን የታየ አበባ ምኑ ታየ ብሎ።

ሌላ አባል፦ ታዲያ ዛሬ መሮጥን ምን ይሉታል?

መልስ፦ «ፓው»። እሱም ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። መጀመሪያ አውሬ በጥፍሩ መሬት መቧጠጡን ነበር የሚናገረው። ሃንግዦው ከተማ አጠገብ «ኹ ፓው» የሚባል ምንጭ አለ፤ ውኃው የከተማውን ሻይ ለማፍላት የተመሰገነ ነው። አፈ ታሪኩ ነብሮች መሬቱን ቧጥጠው አፈለቁት ይላል። የዛሬን ቻይንኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ግን «የሮጠ ነብር ምንጭ» ብሎ ይተረጉመዋል።

በደቡብ ቻይና የሚነገረው ካንቶንኛ ደግሞ የድሮውን ይዞ ቀርቷል። ጓንግዦው ወይም ሆንግ ኮንግ ብትሄጂ «ዛው» ካሉሽ ሩጪ ማለታቸው ነው፤ ፊደሉ ያው «ዞው» ነው።

ጋሼ (ከአንጋፋዎቹ አባላት)፦ እኔ የምሰማው ቻይናዎች ፊደላቸው ስላልተለወጠ ቋንቋቸውም ከጥንት እንዳለ ነው ሲባል ነው። ይህ እንዴት ይታረቃል?

መልስ፦ ጋሼ፣ እርስዎ የጠየቁትን ቻይናዎቹም ብዙ ተከራክረውበታል። ፊደሉ ድምፅ በቀጥታ ስለማይጽፍ ለውጡን ይሸፍነዋል። ሺህ ዓመት ያለፋቸው ግጥሞች ሲነበቡ ቤት አልመታ እያሉ አንባቢን ያስቸግሩ ነበር። አንዳንዱ ሊቅ ቤት እንዲመታ ብሎ የቃሉን አነባበብ ያጣምም ነበር። በሚንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ቼን ዲ የሚባል ሊቅ ተነሥቶ ጊዜ ጥንትና ዛሬ አለው፣ አገር ሰሜንና ደቡብ አለው፣ ፊደልም ድምፅም ይለወጣል አለ። ግጥሙ ሲጻፍ ቤቱ ይመታ ነበር፤ የተለወጠው የእኛ አፍ ነው ማለቱ ነው። ለእኔ ከነገሩ ሁሉ ትልቁ ሐሳብ ይኼ ነው።

እ.ኤ.አ. በ601 የተጠናቀረ የቤት መምቻ መዝገብ አለ፤ «ቺየዩን» ይባላል። የዚያን ዘመን አነባበብ ያወቅነው በአብዛኛው በእሱ ነው። ያኔ ብዙ ቃል በ«ፕ»፣ በ«ት»፣ በ«ክ» ያልቅ ነበር። ኮሪያና ጃፓንም ቃላቱን በድሮው አነባበብ ከቻይና ስለወሰዱ ምስክር ይሆኑናል። አሥር በካንቶንኛ «ሳፕ» ነው፣ በኮሪያ «ሺፕ»፤ ቤጂንግ ላይ ግን «ሺ» ብቻ። አገር በካንቶንኛ «ጐክ»፣ በጃፓን «ኮኩ»፣ ቤጂንግ ላይ «ጕኦ»። ጅራቱ ተቆረጠ። ጅራቱ ሲቆረጥ የተለያዩ ቃላት አንድ ዓይነት ድምፅ ሆነው አረፉት። በዚህም የተነሣ ሁለት ቃል ማጣመር በዛ። በኮንፊውሺየስ ንግግሮች መክፈቻ ላይ ወዳጅ «ፐንግ» ብቻ ነው፤ ዛሬ «ፐንግ ዮው» ካልተባለ ጆሮ አይይዘውም። ሁለቱም ለየብቻቸው ወዳጅ ነበሩ።

ፈሊጦቹ ግን ከዚህ ሁሉ አመለጡ። ጽሑፉ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ የጥንቱን ቋንቋ ሲከተል ነው የኖረው፤ በንግግር ቋንቋ ይጻፍ የሚለው ወገን ያሸነፈው እ.ኤ.አ. በ1919 እንቅስቃሴ ዙሪያ ነው። እኛም ዘንድ የኔ ቢጤው «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ሰሚው «በእንተ» ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ይመጸውታል። የእነሱም አራት ፊደል ፈሊጥ እንዲሁ ሳይፈታ ከአፍ አፍ ይዞራል።

ሌላ አባል፦ «ወን»ን አትርሱ! ዛሬ ቤጂንግ ላይ ማሽተት ነው። ድሮ መስማት ነበር። «መቶ ጊዜ ከመስማት አንድ ጊዜ ማየት» የሚለው አባባላቸው ላይ ያለው ይኸው «ወን» ነው። ለሃኑ ንጉሥ የተናገረው ዣው ቾንግጕኦ የሚባል ሽማግሌ የጦር አለቃ ነው፤ ጦርነቱን ከሩቅ ከማወራ ሄጄ ልየው ሲል። ዜናም «ሺን ወን» ነው፤ አዲስ የተሰማ። አዲስ የተሸተተ አይደለም፣ አንዳንዱ ዜና ቢሸትም። ደግሞ ብዙ አይግረመን፤ እኛም ሕመም «ተሰማኝ» እንላለን።

ጠያቂዋ፦ እንግዲያው ካንቶንኛ የማንዳሪን፣ ማለትም የቤጂንጉ ቻይንኛ፣ አባት ነው ማለት ይቻላል?

መልስ፦ አይ፣ ወንድማማች ናቸው። አንዱ ያንን ጣለ፣ ሌላው ይኼን። ካንቶንኛ ጅራቱን ቢጠብቅም «ሽ»ን ከ«ስ» ጋር ቀላቅሏል፤ ማንዳሪን ግን ለይቶ ይዟቸዋል። የሆንግ ኮንጉ ሰፈር በእንግሊዝኛ ሲጻፍ «ጺም ሻ ጹይ» ተብሎ ነው፤ ሰዉ ሲጠራው «ሳ» ነው የሚለው።

ጠያቂዋ፦ ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። አንድ ብቻ ልጨምር። «ፉ ታንግ ዳው ኽወ» ይላሉ፤ «ኽወ» እሳት ነው። «ታንግ» ግን የምግብ ዝርዝር ላይ ሾርባ ነው። ሾርባ ውስጥ ገብቶ እሳት መርገጥ?

መልስ፦ የድሮው «ታንግ» የፈላ ውኃ ነው። ፈሊጡ እሳትም ቢሆን የፈላ ውኃም ቢሆን እገባለሁ የሚል ሰው ቃል ነው። ጃፓኖች ፊደሉን ወስደው ዛሬም ለሙቅ ውኃ ይጽፉበታል፤ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት በር ላይ ካየሽው ሾርባ ቤት ነው ብለሽ እንዳትገቢ።