«ቨቭ ክሊኮ» ላይ ያለው «ቨቭ» ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የእህቴ ሰርግ ላይ ቢጫ ወረቀት የተለጠፈበት ሻምፓኝ ቀርቦ ነበር። «ቨቭ ክሊኮ» ይላል። አንዱ «ቨቭ የሴትየዋ ስም ነው» አለኝ። ልክ ነው?

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ። «ቨቭ» በፈረንሳይኛ ባሏ የሞተባት ሴት ማለት ነው። የሴትየዋ ስም ባርብ ኒኮል ፖንሳርዳን ነው፤ ክሊኮ የባሏ ቤተሰብ ስም ነው። የወይን ንግዱን በ1772 እ.ኤ.አ. ራንስ ከተማ ላይ የጀመረው አማቷ ፊሊፕ ክሊኮ ነው። ባሏ ፍራንስዋ በ1805 ሲሞት ገና 27 ዓመቷ ነበር። አማቷን አሳምና ንግዱን ተረከበች።

ቃሉ ጠርሙስ ላይ የወጣው በዋዛ አይደለም። በጊዜው የፈረንሳይ ሕግ ያገባች ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ በስሟ ውል መዋዋል አትችልም። ባሏ የሞተባት ግን ትችላለች። «ቨቭ» ሐዘኗን ይናገራል፤ ፊርማዋ የራሷ መሆኑንም ይናገራል። በዚያ ፊርማ ነው በ1814፣ ናፖሊዮን ተሸንፎ ጦርነቱ እንዳበቃ፣ 10,550 ጠርሙስ በመርከብ ጭና ወደ ሩስያ የላከችው። ሩስያውያን እስከ ዛሬ በራሳቸው ቃል «ቭዶቫ ክሊኮ» ይሏታል።

በአማርኛ ማን እንበላት? «ፈት» አይሆንም፤ እሱ ለተፋታች ነው። «ጋለሞታ» ድሮ ባል ለሌላት ሴት ይባል ነበር፤ ዛሬ ስድብ ሆኗል። «መበለት» ነው ልኩ። የሰራፕታዋን መበለት የሚያውቅ ሁሉ ክብሩ ይገባዋል።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ «ረሙያዥ» የሚለውን የሻምፓኝ አሠራር ቃል «ማጣራት» ብዬ ተርጉሜው ነበር። ያስኬዳል?

መልስ፦ እህቴ፣ ማጣራት በጨርቅ ወይም በወንፊት ነው። ይሄ ማጥለል ነው። ሻምፓኝ ጠርሙሱ ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ ይፈላል። አረፋውም አምቡላውም ከዚያ ይመጣል። ጠርሙሱን ከፍተሽ በጨርቅ ብታጣሪው አረፋው ያመልጣል። በ1816 መበለቲቱ ጠረጴዛ አስበስታ ጠርሙሶቹን በአንገታቸው ዘቅዝቃ ሰካች። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይዞራሉ። ከሳምንታት በኋላ አምቡላው አንገቱ ላይ ይከማቻል። ቡሹ ሲነቀል ግፊቱ ራሱ ያስወጣዋል፤ የቀረው ጥልል ያለ ነው።

አክስቴ ጠጅ ስትጥል ጋኑ አጠገብ እንድንሯሯጥ አትፈቅድም ነበር። «አትነቅንቁት፣ ይጥለልበት!» ትለናለች። በዚያ ሥራ ላይ ያለ ሰው አፍ ላይ ያለው ቃል ይሄው ነው። (በነገራችን ላይ «ብርሌ ከነቃ አይሆንም እቃ» እዚያም ይሠራል። በዚያ ዘመን በግፊቱ ብዙ ጠርሙስ ጓዳ ውስጥ ይፈነዳ ነበር።)

ጥያቄ፦ «የቡዚ ወይን» ሲባል ተክሉ ነው መጠጡ?

መልስ፦ እዚህ ላይ አማርኛችን ያሳስታል። ተክሉም ፍሬውም መጠጡም «ወይን» ነው፤ ፈረንሳይኛ ለሦስቱም የየራሱ ቃል አለው። ቡዚ፣ ቨርዝኔና ቨርዚ የክሊኮ ንግድ ቤት መሬት ያለባቸው የፈረንሳይ መንደሮች ናቸው። አፈሩ ከሥሩ ጠመኔ ነው። በ1818 መበለቲቱ የቡዚን ቀይ ከነጩ ጋር ቀላቅላ ሮዜ (ሮዝ ቀለም ያለው) ሻምፓኝ ሠራች። ስለዚህ መሬቱን «የቡዚ የወይን ቦታ» በለው፣ እንደ ናቡቴ የወይን ቦታ። መጠጡን «የቡዚ ቀይ ወይን ጠጅ» በለው። «ቀይ» የምትለዋን አትተዋት፤ «ወይን ጠጅ» ብቻውን የቀለም ስምም ነው።