ከካራቫን ላይ ሆኖ በረራ ላይ ያለች ሴስና 172 ፎቶ ማንሳት፦ ሹተር፣ ርቀት፣ በር

አዘዞ_ማኮብኮቢያ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከጎንደር አጼ ቴዎድሮስ ኤርፖርት የምትነሳ ሴስና 172 ከሌላ አውሮፕላን፣ ከሴስና ካራቫን፣ ላይ ሆነን ፎቶ ልናነሳ ነው። የካራቫኑ የጭነት በር አየር ላይ በሚከፈት ተጠቅላይ በር ተተክቷል። ካሜራው ፉል ፍሬም፣ ሌንሶቹ 24-70 እና 70-200 ናቸው። ከበስተጀርባ የፋሲል ግንብና የጣና ዳሯ ጎርጎራ፣ ከተቻለም ስሜን እንዲገቡ ተፈልጓል። የሹተር ፍጥነት (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) ስንት ይሁን? 172ቷ ምን ያህል ትቅረብ? ስሜንስ ያዋጣል?

ቀይ_ፊልተር፦
ሹተሩን የሚወስነው ፕሮፔለሩ ነው። በደቂቃ 2,400 ዙር ማለት በሰከንድ 40 ዙር ነው። በ1/1000 ሰከንድ የፕሮፔለሩ ምላጭ 14 ዲግሪ ብቻ ስለሚሄድ ደርቆ ይወጣል፤ አውሮፕላኗ ሞተሯ ጠፍቶ የተንጠለጠለች ትመስላለች። በ1/125 ወደ 115 ዲግሪ ይጠርጋል። ፕሮፔለሩ ባለ ሁለት ምላጭ ከሆነ ሙሉ ክብ የሚሰጥህ 1/80 ነው። በ1/250 ጀምረህ ጥቂት አስተማማኝ ፎቶ ያዝ፣ ከዚያ ወደ 1/125 ውረድ፣ 1/80ን ለመጨረሻ አቆየው። እዚያ ላይ አብዛኛው ስለሚደበዝዝ በተከታታይ ተኩስ።

በጠራ ፀሐይ አይሶ (የሴንሰሩ የብርሃን ትብነት) 100 ላይም ቢሆን 1/80 አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ) አጥብቦ ወደ ኤፍ 16 ያስገባዋል፤ ሴንሰሩ ላይ ያለው አቧራ ሁሉ ሰማዩ ላይ ይቆጠራል። ብርሃኑን ሁለት ወይም ሦስት ስቶፕ (ወደ ሩብ ወይም ወደ ስምንተኛ) የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር አድርግ። ክርንህን ከበሩ ጠርዝ ጋር አታስደግፍ፤ ንዝረቱ ቀጥታ ካሜራው ውስጥ ይገባል። የሌንሱን ኮፍያ መሬት ላይ ተወው። ነፋሱ ከነቀለው መንገዱ ወደ ጭራው ነው።

ግራ_ወንበር፦
ርቀቱን በሌንሱ አስላው። የሴንሰሩ ስፋት 36 ሚሊሜትር ነው፤ በ200 ሚሊሜትር ሌንስ 60 ሜትር ላይ ፍሬምህ 10.8 ሜትር ይሸፍናል። የ172 ክንፍ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ 11 ሜትር ነው። ከ60 ሜትርም ፍሬሙን ሞልታ ታልፋለች ማለት ነው። በ100 ሚሊሜትር 21 ሜትር ተኩል ስለሚገባልህ መሬቱም አብሮ ይታያል። «ትንሽ ጠጋ በል» የሚል ፎቶ አንሺ ሌንሱን አያውቅም።

ያልጠየቅኸው ትልቁ ነገር ግን በሩ ነው። የካራቫን የጭነት በር በግራ በኩል ነው፤ ስለዚህ 172ቷ በካራቫኑ ግራ ትበራለች። አብራሪዋ እንደተለመደው ግራ ወንበር ላይ ከተቀመጠ ካራቫኑን የሚያየው ቀኝ ወንበሩን አሻግሮ ነው። በዚያ ላይ ክንፏ ከላይ ነው። ዝቅ ብላ ወደ ፊት ከመጣች ካራቫኑን የራሷ ክንፍ ይሸፍንባታል፤ ግጭት የሚመጣው እንዲህ ነው። ስለዚህ 172ቷን ፎርሜሽን (ከሌላ አውሮፕላን ጋር ተጠጋግቶ መብረር) የሠለጠነ አብራሪ ከቀኝ ወንበር ሆኖ ያብራት፤ ከቀኝ ወንበር ማብረር የለመደ አስተማሪ ቢሆን ይሻላል። ቦታዋ በሰያፍ ወደ ግራና ወደ ኋላ ነው፤ ቀጥታ ከኋላና ከታች ግን የካራቫኑ ክንፍ የሚያናውጠው አየር አለ። ካራቫኑ ለቅጽበት እንኳ ከዓይኑ ከጠፋ ወዲያው ወደ ግራ ዞሮ ይራቅ፤ ካራቫኑ በያዘው መንገድ ይቀጥላል። ይህን ሁሉ መሬት ላይ ጨርሱት፤ ከኤርፖርቱ ተቆጣጣሪዎችም ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ፍጥነቱን የምትወስነው ደካማዋ ናት። 172ቷ ወደ ኋላ ስትቀር የምትጨምረው ጉልበት እንዲተርፋት መሪው ካራቫን 90 ኖት አካባቢ ይያዝ። ግንቡን ወይም ሐይቁን ከበስተጀርባ ለማስገባት ካራቫኑ ወደ 172ቷ፣ ማለትም ወደ ግራ፣ በ15 ዲግሪ ገደማ ይታጠፍ፤ በሩ ወደ መሬት ያዘነብላል። ወደ ቀኝ ከታጠፈ ሰማይ ብቻ ታነሳለህ፣ እሷም በውጭ ስለምትዞር ትቀራለች። ወደ ግራ ሲሆን ግን ውስጥ ውስጡን ስለምትሄድ 5 ኖት ገደማ መቀነስ አለባት፤ ይህ አስቀድሞ ተቆጥሮ ይገባ።

አዘዞ_ማኮብኮቢያ፦
የቀኝ ወንበሩን ነገር ማንም አላነሳልንም ነበር። እግዜር ይስጥልኝ። ተጠቅላይ በሩ ባይገኝ በመስኮት ማንሳት ይቻላል?

ቀይ_ፊልተር፦
ይቻላል፤ ግን ሌንሱን ለመስኮቱ ቀጥ አድርገህ ያዝ፤ በሰያፍ ከሆነ አክሪሊኩ ምስሉን ያጣምመዋል። ጥቁር ልብስ ልበስ፤ ነጭ ሸሚዝ መስኮቱ ላይ ተንጸባርቆ ይመለስብሃል። ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ ፊልተር) ካለ አውልቅ፣ በአክሪሊክ ላይ የቀስተ ደመና ቀለም ያወጣል። በሩ ከተከፈተ ደግሞ ሰውም ካሜራም ይታሰሩ፤ የሰው ማሰሪያ ከወለሉ መልሕቅ ጋር እንጂ ከወንበር ጋር አይደለም።

ደባርቅ_ንፋስ፦
ስሜንን ከ172 ጋር እርሱት። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፣ ወደ 15,000 ጫማ መሆኑ ነው፤ የ172ኤስ የከፍታ ጣሪያ 14,000 ጫማ ነው። ጣሪያው ላይ ደግሞ በፎርሜሽን ለመቆየት የሚጨመር ጉልበት የለም። ገደሉን ተጠግቶ መብረርም ነፋስ ካለ ቁልቁል የሚጫን አየር ያመጣል። ከ10,000 ጫማ በላይ ከ30 ደቂቃ በላይ መቆየት ካለ አብራሪዎቹ ኦክስጅን ይፈልጋሉ፣ ከ13,000 በላይ ሁሉም። ስሜን ካላችሁ ፎቶ የምትነሳዋም ካራቫን ትሁን።

ፋሲል ላይ ቢያንስ 300 ሜትር ከፍታ ጠብቁ፤ ከተማ ነው። ሰዓቱ ከጠዋቱ 1 እስከ 2 ሰዓት ተኩል ይሁን፤ ከ4 ሰዓት በኋላ የሞቀው አየር ሁለቱንም ስለሚያንገላታ 1/80 ከንቱ ነው። ወሩ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር፤ ከየካቲት ወዲህ ጭጋጉ ቀለሙን ይበላዋል።

አዘዞ_ማኮብኮቢያ፦
ስሜን ቀረ። ጎርጎራ ላይ የውሃው ነጸብራቅ አያስቸግርም?

ቀይ_ፊልተር፦
ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን) በማኑዋል ቆልፈው። በአውቶማቲክ ካነሳህ፣ ካራቫኑ በታጠፈ ቁጥር ከበስተጀርባ ውሃ፣ መሬት፣ ሰማይ ሲፈራረቅ ካሜራው ነጯን አውሮፕላን አንዴ ያጠቁራታል፣ አንዴ ያቃጥላታል። መጀመሪያ መሬት ላይ ቆማ ሳለች በዚያው ፀሐይ ብርሃኑን በእሷ ላይ ለካ፤ አየር ላይ ሁለት ሦስት ፎቶ አንስተህ ሂስቶግራሙን (የፎቶውን የብርሃን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) እይና አስተካክል።