አንድም አደጋ ሳይኖር አረቦኑ ለምን በ38 በመቶ ጨመረ?

ጥያቄ፦ ማርሽ አምስት

ሰላም ለሁላችሁም። የመኪናዬ ሙሉ የመድን (ኢንሹራንስ) ሽፋን ሊታደስ 24 ቀን ቀርቶታል። የደረሰኝ የእድሳት ደብዳቤ ከአምናው በ38 በመቶ የበለጠ አረቦን (የመድን ክፍያ) ይጠይቃል። በ6 ዓመት ውስጥ አንድም የካሳ ጥያቄ አልቀረበም። የኖ ክሌም ቅናሹም (ካሳ ላልጠየቀ ደንበኛ የሚደረገው ቅናሽ) አልተነካም፣ እንደ አምናው 50 በመቶ ነው። ያው ሞዴል፣ ያው የምርት ዘመን መኪና የሚነዳ ባልደረባዬ ግን የሚከፍለው ከእኔ በእጅጉ ያነሰ ነው። ጭማሪው ከየት መጣ? ከሰው ሰውስ ለምን ይለያያል? ከመፈረሜ በፊት ምን ላጣራ?

መልስ፦ የካሳ ፋይል

በመጀመሪያ የአምናውንና የዘንድሮውን ደብዳቤ ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ጠቅላላ ድምሩን ለጊዜው ይተዉት። የሚፈልጉት መኪናው የተገመተበትን ዋጋ፣ የአሽከርካሪዎችን ዝርዝር፣ የአጠቃቀሙን ዓይነት፣ የተጫነ ተጨማሪ ክፍያ (ሎዲንግ) ካለ መቶኛውን፣ እንዲሁም በአደጋ ጊዜ ከራስዎ ኪስ የሚወጣውን ኤክሰስ ነው። ከእነዚህ አንዱ በደብዳቤው ላይ ከሌለ ስሌቱን ዘርዝረው እንዲሰጡዎት በጽሑፍ ይጠይቁ። በስልክ የተነገረ መልስ ኋላ ማስረጃ አይሆንም።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ጭማሪዎቹ የሚደመሩ ሳይሆን የሚባዙ ናቸው። ሦስት ትንንሽ ለውጦች በአንድ ዓመት ከተገናኙ ድምራቸው ከሚመስለው በላይ ይወጣል።

"አንድም አደጋ ሳይኖር" ለሚለው ደግሞ መልሱ ያለው ራሱ ቅናሹ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቅናሹ ከፍ እያለ ስለሚሄድ የመነሻ ተመኑን (ቅናሹ ከመነሳቱ በፊት ያለውን ዋጋ) ጭማሪ ይሸፍነዋል። በቁጥር እንየው። መነሻው 100፣ ቅናሹ 40 በመቶ ከሆነ የሚከፈለው 60 ነው። በሚቀጥለው ዓመት መነሻው 110 ገብቶ ቅናሹ 50 ቢደርስ ክፍያው 55 ይሆናል። ተመኑ በ10 በመቶ ተወዶም ባለመኪናው የሚያየው ቅናሽ ነው። ከዚያ ቅናሹ ጣሪያው ላይ ይቆማል። መነሻው 121 ሲገባ ክፍያው 60.5 ነው፣ ጭማሪው አሁን ሙሉ በሙሉ ይታያል። እርስዎ ያሉት እዚህ ደረጃ ላይ ነው። ምንም ስላጠፉ አይደለም።

መልስ፦ ቆርቆሮ

መነሻው ለምን ይወደዳል ለሚለው ከጋራዥ በኩል ልጨምር። ዋናው የጥገና ወጪ ነው። የዛሬ መኪና ፓራውልት ፕላስቲክ ብቻ አይደለም። ከጀርባው የፓርኪንግ ሴንሰሮች፣ በብዙ ሞዴል ላይ ደግሞ ራዳር አለ። ራዳሩ ፊት ለፊት ያለውን ቦታ በስቱኮ ሞልቶ መቀባት አይቻልም፤ የቀለሙና የስቱኮው ውፍረት ሞገዱን ስለሚያውክ ብዙ አምራቾች ያን ክፍል መጠገንን ይከለክላሉ። ስለዚህ ድሮ ተለጥፎ የሚያልፈው ስንጥቅ ዛሬ ሙሉ ፓራውልት ያስቀይራል።

የፊት መስታወትም እንዲሁ ነው። ከመሀል መስታወቱ (ከስፖኪዮው) ጀርባ የመንገድ መስመር የሚያነብ ካሜራ ካለ፣ መስታወቱ ሲቀየር ካሜራው እንደገና መስተካከል አለበት። ለዚያ ብዙውን ጊዜ ደልዳላ ወለል፣ በአምራቹ ልክ የተቀመጠ የዒላማ ሰሌዳ፣ ትክክለኛ የጎማ ነፋስና ኮምፒውተር ያስፈልጋል። ይህ ካልተደረገ ካሜራው በጥቂቱ ዘንበል ብሎ ያያል፣ ከካሜራው ጋር የተያያዘው አውቶማቲክ ፍሬንም ያለጊዜው ሊይዝ ይችላል። ኤልኢዲ መብራትማ አምፖሉ ብቻ አይቀየርም፣ ብዙውን ጊዜ ቤቱ በሙሉ ነው የሚቀየረው።

አንተም ወንድሜ "ያው ሞዴል" ያልከውን አጣራ። ስሙ አንድ ሆኖ ደረጃው ሊለያይ ይችላል። የባልደረባህ ራዳርና ካሜራ የሌለው ከሆነ በኢንሹራንስ ዓይን ሌላ መኪና ነው።

መልስ፦ ነጭ መስመር

ሰው ከሰው የሚለይበትን እኔ ልሞክር። መድን ሰጪው አንድን አሽከርካሪ ለይቶ አያውቅም፤ የሚያየው ተመሳሳይ ሰዎች ባለፉት ዓመታት ስንት ጊዜ አደጋ እንዳደረሱና ስንት እንዳስከፈሉ ነው። ስለዚህ ይጠይቃል፦ ዕድሜዎ ስንት ነው፣ መንጃ ፈቃድ ከያዙ ስንት ዓመት ሆነ፣ በዓመት ስንት ኪሎ ሜትር ይነዳሉ፣ መኪናው ሌሊት የት ያድራል፣ ለግል ነው ወይስ ሰው ወይም ዕቃ እያመላለሰ ገቢ ያመጣል። ከ25 ዓመት በታች ያሉ አሽከርካሪዎች በብዙ አገር ከፍ ያለ የሚከፍሉት በዚህ ነው። ጾታ ግን በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከታኅሣሥ 2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለዋጋ ልዩነት ምክንያት መሆኑ ቀርቷል።

የአደጋ ታሪክ ምን ያህል እንደሚመዝን ለማየት የፈረንሳይ ሕግ ጥሩ ነው፣ ስሌቱ ለሁሉም የታወቀ ስለሆነ። ሁሉም አረቦኑ በሚባዛበት ቁጥር፣ በ1.00፣ ይጀምራል። ያለ ጥፋት ባለፈ በየዓመቱ በ0.95 ይባዛል፣ ጥፋተኛ ሆኖ ለደረሰ አደጋ በ1.25። ከ0.50 አይወርድም፣ ከ3.50 አይወጣም። አሁን 4 ንጹሕ ዓመት ቁጠር፦ 0.95፣ 0.90፣ 0.85፣ 0.80። አምስተኛው ላይ አንድ አደጋ ሲመጣ 0.80 በ1.25 ተባዝቶ ተመልሶ 1.00። አንዲት ግጭት የአራት ዓመት ጥንቃቄን ትበላለች። በሌሎች አገሮችም ብዙ ኩባንያዎች ቁጥራቸው ቢለይም አካሄዳቸው ይኸው ነው።

ማርሽ አምስት

አመሰግናለሁ። ሁለቱን ደብዳቤ አነጻጸርኩ። የመኪናው ግምት በ12 በመቶ ከፍ ብሏል። በዓመቱ አጋማሽ ላይ የ22 ዓመት ልጄ በአሽከርካሪነት ተመዝግቦ ነበር፤ ዘንድሮ በስሙ 10 በመቶ ተጭኗል። አሁን ግን ለትምህርት ሌላ ከተማ ነው፣ መኪናውን አይነካም። ኤክሰሱ አልተለወጠም።

መልስ፦ የካሳ ፋይል

እንግዲህ ተገኘ። 1.12 በ1.10 ሲባዛ 1.232 ነው። 1.38ን ለዚህ ያካፍሉ፣ ወደ 1.12 ይመጣል። ማለትም 12 በመቶ ከግምቱ፣ 10 በመቶ ከልጅዎ፣ የቀረው 12 በመቶ የተመኑ ጭማሪ ነው። የመጨረሻውን እርስዎ ሊለውጡት አይችሉም፤ ማድረግ የሚችሉት የሌላ ኩባንያ ዋጋ መጠየቅ ነው። ልጅዎን ከዝርዝሩ ያስወጡ፣ ጭማሪው ከ38 ወደ 25 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ይህ በቃል ሳይሆን በውል ማሻሻያ ወረቀት ይሁን።

ግን እውነት ከሆነ ብቻ። ለእረፍት ሲመጣ ቁልፉን የሚይዝ ከሆነ አያስወጡት። ያልተመዘገበ ወጣት ይዞት ሲጋጭ ኩባንያው እንደ ውሉ የመኪናዎን ጉዳት ላለመክፈል ወይም ተጨማሪ ኤክሰስ ለመቁረጥ ይችላል። ዋናው ነጂ ልጁ ሆኖ ሳለ በአባት ስም ማስመዝገብ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፣ ውሉን ሊያፈርስ ይችላል።

መልስ፦ ኮፈን

የመኪናውን ግምት በአምናው ላይ ተወው፣ 12 በመቶውም ይቀራል።

መልስ፦ የካሳ ፋይል

ኮፈን፣ ይህን ምክር እባክዎ ማንም አይከተል። መኪናው በገበያ 100 የሚያወጣ ሆኖ በ80 ከተመዘገበ፣ ብዙ ውሎች ካሳውን በዚያው ልክ ይቀንሳሉ። ጥገናው 30 ከሆነ 80 በመቶው፣ 24፣ ይታሰባል፤ ኤክሰሱ 5 ሲቀነስ የሚከፈለው 19 ነው። ባለመኪናው 5 እከፍላለሁ ብሎ 11 ያወጣል። ጨርሶ ከወደመማ ከ80 በላይ አያገኝም።

ከልክ በላይ መገመትም ኪሳራ ነው። መኪናው ሲወድም በብዙ ውሎች የሚከፈለው በአደጋው ዕለት የነበረው የገበያ ዋጋ ነው፤ ትርፉ ግምት አረቦን ብቻ ያስከፍላል። ስለዚህ በተመሳሳይ የምርት ዘመን፣ ደረጃና ኪሎ ሜትር ለሽያጭ የቀረቡ አራት አምስት መኪኖችን ዋጋ ይያዙ። የ12 በመቶው ጭማሪ ከገበያው ካለፈ ያንን ማስረጃ አያይዘው ግምቱ እንዲስተካከል ይጠይቁ።

መልስ፦ ነጭ መስመር

ኤክሰስ ከፍ በማድረግም መቀነስ ይቻላል፣ ግን አስላ። ኤክሰሱ በ30 ጨምሮ አረቦኑ በዓመት 12 ከቀነሰልህ፣ 30 ለ12 ሲካፈል 2.5 ነው። ሁለት ዓመት ተኩል ያለ አደጋ ካለፍክ አተረፍክ ማለት ነው። ያን 30 በአንድ ቀን ማውጣት የማትችል ከሆነ ግን አትንካው።

ለትንሽ ጭረት ካሳ መጠየቅንም ተጠንቀቅ። ጥገናው 40፣ ኤክሰሱ 25 ከሆነ የምትቀበለው 15 ነው። መነሻው 180 ሆኖ ቅናሹ ከ50 ወደ 30 በመቶ ቢወርድ አረቦኑ ከ90 ወደ 126 ይወጣል፣ በቀጣዩ ዓመት ቅናሹ 40 ደርሶ 108 ይሆናል። 15 ተቀብለህ በሁለት ዓመት 54 ትከፍላለህ። ሆኖም ካሳ አለመጠየቅና አለማሳወቅ ለየቅል ናቸው። ሌላ ሰው ወይም ሌላ መኪና ከተነካ ውሉ በሚለው ጊዜ ውስጥ የግድ አሳውቅ፤ ሰውየው ከወራት በኋላ ክስ ይዞ ቢመጣ "አልተነገረንም" እንዳይሉህ።

ማርሽ አምስት

ልጁን የሚያስወጣውን ወረቀት ጠይቄያለሁ፣ የአራት መኪኖች ዋጋም ይዣለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ በ12 ወር ከፍዬ ልጨርስ ብል 10 በመቶ ብቻ ይጨመራል ብለውኛል። ይሻላል?

መልስ፦ የካሳ ፋይል

10 በመቶው ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ዕዳው በየወሩ እየቀነሰ ስለሚሄድ በአማካይ የተበደሩት የአረቦኑን ግማሽ ያህል ነው። በዓመታዊ ወለድ ሲሰላ ወደ 20 በመቶ ይጠጋል። ገንዘቡ ካለዎት በአንድ ጊዜ ይክፈሉ። አንድ ወር ክፍያ ቢዘገይ ሽፋኑ የሚቋረጥ መሆን አለመሆኑንም ከመፈረምዎ በፊት ያንብቡ።

ኩባንያ የሚቀይሩ ከሆነ የ6 ዓመቱን የኖ ክሌም ደብዳቤ ከአሁኑ ያስጽፉ፤ አዲሱ ያለ እሱ 50 በመቶውን አይሰጥዎትም። አዲሱ ውል የሚጀምርበትን ቀንና ሰዓትም አሮጌው ከሚያበቃበት ጋር ያገናኙት፣ በመሀል አንድ ሌሊት እንኳ እንዳይቀር።