አባባን ይዤ ቀርጤስ ልሄድ ነው፦ ለፍርስራሾቹ አስጎብኚ ልቅጠር ወይስ ይቅርብኝ?

የፒያሳዋ፦

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡልኝ።

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ነው የምኖረው። ታላቅ እህቴ ግሪክ፣ ቀርጤስ ደሴት ላይ፣ ሄራክሊዮን በምትባል ከተማ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች። ዘንድሮ ቪዛው ተሳክቶልን (እሱ ራሱን የቻለ ጉድ ነው፣ ሌላ ቀን አወራዋለሁ) እኔና አባባ ለ10 ቀን ልንሄድ ነው። ችግሩ እህቴ በቱሪስት ወቅት ዕረፍት የሚባል ነገር የላትም። ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትገባው። ስለዚህ ቀን ቀን ብቻችንን ነን።

አባባ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። 71 ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ግን የጥንት ድንጋይ ካዩ ሕመሙን ይረሱታል። ልጆች ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ ግንቡ ግቢ ወስደው አንድ መስኮት ሥር ግማሽ ሰዓት ያቆሙን ነበር። አሁን ደግሞ ካርታ ዘርግተው ክኖሶስ፣ ፌስቶስ፣ ጎርቲና እያሉ የጥንት ቤተ መንግሥትና ከተማ ፍርስራሽ ያለባቸውን ቦታዎች በቀይ እስክሪብቶ ያሰምራሉ።

እህቴ የአውቶቡስ ጉብኝት ልግዛላችሁ ትላለች። ጠዋት ከሰፈር ይወስዳል፣ ሁለት ሦስት ቦታ ያሳያል፣ ማታ ይመልሳል። እንግሊዝኛ የሚናገር አስጎብኚም አለው። የሁለታችን ሒሳብ ግን የወር ደሞዜን ጠራርጎ የሚወስድ ነው። ያለ አስጎብኚ ብንሄድስ? ወይስ ድንጋይ አይተን ፎቶ ተነስተን ነው የምንመለሰው? ያሰብነው ነሐሴ መጀመሪያ፣ ፍልሰታ ላይ ነው። የሄደ ሰው ካለ እውነቱን ይንገረኝ።

ስድስት ዓመት ቀርጤስ፦

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። እዚያ 6 ዓመት ኖሬ ነው የተመለስኩት፣ አሁን አዘዞ ነኝ።

መጀመሪያ ነገር ነሐሴን እርሺው። የጎንደር ሰው ሙቀት አያውቅም። የነሐሴ ፀሐያቸው መተማን ያስታውስሻል፣ ክኖሶስ ግቢ ውስጥ ደግሞ እንደልብ ጥላ የለም። ጉልበታቸውን የሚያማቸው የ71 ዓመት ሰው እዚያ ድንጋይ ላይ በቀትር ማንከራተት ግፍ ነው። ትኬቱ የሚቀየር ከሆነ ከመስቀል በኋላ አድርጉት። ጥቅምት ላይ ሙቀቱ በረድ ይላል፣ ሰልፉም ይቀንሳል። የግድ ነሐሴ ከሆነ በር ሲከፈት ግቡ። በሩ በእነሱ 8 ሰዓት ነው የሚከፈተው፣ በእኛ ጠዋት 2 ሰዓት መሆኑ ነው። በበጋቸው ወራት ሰዓታችን እኩል ነው፣ አቆጣጠሩ ብቻ ነው የሚለየው። እኔ ይህን ሳላስተውል አንዴ ቀጠሮ አበላሽቻለሁ።

ስለ አውቶቡሱ ደግሞ የራሴን ልንገርሽ። የድርጅቱን ስም አልጠራም። በሄድኩ በዓመቴ ገደማ ከጓደኛዬ ጋር የአንድ ቀን ጉዞ ገዛን፣ ወረቀቱ ላይ ሦስት ታሪካዊ ቦታ ተጽፏል። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል የፈጀው ሰው ከየሆቴሉ መልቀም ነበር። ፌስቶስ ስንደርስ 35 ደቂቃ ተሰጠን። ከዚያ የወይራ ዘይት መሸጫ ወሰዱንና ከአንድ ሰዓት በላይ ዳቦ በዘይት እየነከርን ቆምን። ጎርቲናን በመስኮት ነው ያየሁት። እስከ ዛሬ ስለ ፌስቶስ ከማውቀው ስለ ዘይቱ የማውቀው ይበልጣል። ዘይቱ ግን ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም።

ስለዚህ ምክሬ፦ አውቶቡሱን ተዪው፣ አስጎብኚውን ግን አትተዪው። ክኖሶስ ከሄራክሊዮን 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የከተማ አውቶቡስ ያደርሳችኋል። በሩ ላይ ፈቃድ ያላቸው አስጎብኚዎች ሰው አሰባስበው በነፍስ ወከፍ እየተከፈላቸው ያስገባሉ። ደረታቸው ላይ መታወቂያ አለ፣ እሱን እዪ። የመግቢያ ትኬቱ ለብቻው ነው፣ ሰዓት መርጦ በኢንተርኔት መግዛት ከሰልፍ ያድናል፣ እህትሽ ትጨርስላችሁ።

ማራኪ ልጅ፦

ለምን ብር ታባክናላችሁ? ሁሉም ዩቲዩብ ላይ አለ። ጆሮ ላይ ሰክቶ መሄድ ነው። ፍርስራሽ ፍርስራሽ ነው።

ግንብ አስጎብኚ፦

ማራኪ ልጅ፣ እንጀራዬን ልትዘጋው ነው እንዴ 😄

12 ዓመት እዚሁ ጎንደር ሳስጎበኝ ነው። ለሥልጠና ግሪክ በሄድኩበት ጊዜ ክኖሶስን የማየት ዕድል አግኝቻለሁ። ስለዚህ ሙያውንም ቦታውንም አውቄ ነው የምናገረው። ክኖሶስን ያለ አስጎብኚ ማየት ዋናውን ነገር ሳያዩ መውጣት ነው። ዋናው ነገር የቱ ድንጋይ ከ3,500 ዓመት በፊት እንደተቀመጠ፣ የቱ ደግሞ ትናንት እንደተለሰነ መለየት ነዋ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ቦታውን መጀመሪያ በ1878 እ.ኤ.አ. የቆፈረው ሚኖስ ካሎኬሪኖስ የሚባል የዚያው የሄራክሊዮን ሰው ነው። በ1900 እንግሊዛዊው አርተር ኢቫንስ መጣ። መሬቱን ገዝቶ ቁፋሮውን በሰፊው ጀመረ። ለጥንቶቹ የቀርጤስ ሰዎች ሚኖአውያን የሚለውን ስም ያስለመደውም እሱ ነው። ከዚያ መቆፈሩ አልበቃ ብሎት መገንባት ጀመረ፣ በብረትና በሲሚንቶ። ቀይ ቀለም የተቀቡት፣ ከላይ ሰፍተው ከታች የሚጠቡት ዓምዶች አሉ አይደል፣ ፖስትካርድ ላይ የምታይዋቸው? ጥንት ከእንጨት ነበሩ። ዛሬ ቆመው የምታይዋቸው የኢቫንስ ናቸው። የግድግዳ ሥዕሎቹም ቅጂ ናቸው፣ የተረፈው ቁርጥራጭ ሄራክሊዮን ሙዚየም ነው ያለው። አንዳንዱን ሥዕል ሙዚየም ሄደሽ ስታዪው መዳፍ የሚያህል ኦሪጅናል አለ፣ ቀሪው በሠዓሊ ግምት የተሞላ ነው። «የአበባው ልዑል» የሚሉት ሥዕል እንዲያውም ከተለያዩ ሰዎች ሥዕል ቁርጥራጭ የተገጣጠመ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ሊቃውንት አሉ።

ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ የኛው ግንብ ነው። ጣሊያን በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ግንቡን ሲጠግን ሲሚንቶና ብረት ተጠቅሟል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በዩኔስኮ እገዛ ያ ሲሚንቶ እየተነሳ በቀድሞው በኖራ ተተካ። ክኖሶስ ላይ ግን ሲሚንቶው ከ100 ዓመት በላይ ስለቆየ እሱም ራሱ ታሪክ ሆኗል። ማንሳት ይቅርና እሱኑ መጠገን ነው ሥራቸው። አባትሽ የታሪክ መምህር ከሆኑ እዚህ ላይ ከአስጎብኚው ጋር ይከራከራሉ። ይከራከሩ፣ እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣልኝ እኔም ደስ ይለኛል።

አንድ የማይታለፍ ነገር፦ የዕቃ ቤቶቹን አሳየን በሉ። ከሰው ቁመት የማይተናነሱ የሸክላ ጋኖች ተደርድረዋል፣ ዘይትና እህል የሚቀመጥባቸው። የጠላ ጋን ለሚያውቅ የጎንደር ሰው ወዲያው ይገባዋል። የውሃ ቧንቧቸውም ከሸክላ ነው። ዙፋን ቤቱ ጋ ግን ሰልፍ አለ፣ ገብተሽም አትቀመጪም፣ ከበሩ ነው የምታዪው።

ዘይት መሸጫ ስለመውሰድ የተባለውን በተመለከተ፦ እኛም ጋ አለ፣ ምን ይደበቃል። ስጦታ ዕቃ መደብር «ለአምስት ደቂቃ» ብሎ የሚያስገባ ባልደረባ አለኝ። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ስንት ሰዓት ቦታው ላይ እንደምትቆዩ ጠይቁ። ስንት ቦታ ታያላችሁ ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም።

የፒያሳዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ለአባባ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ስለ ሲሚንቶው ሲሰሙ «ይሄን እኮ አላስተማርኩም» ብለው ደብተር አወጡ። አሁን ክኖሶስ ተቆረጠ፣ አስጎብኚ በሩ ላይ እንይዛለን። ጉዞውንም ወደ ጥቅምት ልንገፋው እየሞከርን ነው።

የቀረው ፌስቶስና ጎርቲና ነው። ሁለቱም ራቅ ይላሉ አሉ። ያለ አስጎብኚ ይሆናሉ?

ስድስት ዓመት ቀርጤስ፦

ፌስቶስ ከሄራክሊዮን ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ጎርቲና መንገድ ላይ ናት። ሚሬስ ወደምትባል ከተማ የሚሄደው የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ጎርቲና አጠገብ ያወርዳል። ለአባትሽ ጉልበት ግን ታክሲ በኮንትራት ተነጋግራችሁ ብትይዙ ይሻላል፣ እህትሽ ከሆቴሉ የምታውቀው ሾፌር አይጠፋም። ከዚያ በኋላ ሰዓቱ የእናንተ ነው። አባባ አንድ ድንጋይ ጋ ግማሽ ሰዓት ቢቆሙ የሚቆጣቸው የለም።

ፌስቶስ ላይ የኢቫንስ ዓይነት ግንባታ የለም። የቆፈሩት ጣሊያኖች የተገኘውን በተገኘበት ነው የተዉት። ሰፊ ደረጃ፣ ግቢ፣ ከታች የሜሳራ ሜዳ። ቁጭ ብሎ የሚታይ ቦታ ነው። በ1908 እ.ኤ.አ. የፌስቶስ ዲስክ የምትባለው ታዋቂ የሸክላ ዲስክ የተገኘችው እዚያ ነው፣ ስፋቷ 16 ሳንቲሜትር ገደማ፣ ሁለቱም ገጿ በጠመዝማዛ ምልክት የተሞላ። እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት ያነበባት የለም። ዲስኳ ሙዚየም ናት፣ ፌስቶስ ላይ አትፈልጓት።

ጎርቲና ደግሞ ለአባባ ነፍስ ናት። ግድግዳ ላይ ሕግ ተጽፏል፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት፣ 600 መስመር የሚሆን። አጻጻፉን ስሚ፦ አንዱ መስመር ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ሲጨርስ ይታጠፍና ቀጣዩ ከግራ ወደ ቀኝ ይመለሳል። ግሪኮቹ ራሳቸው ስሙን «በሬ እንደሚታጠፈው» ብለውታል። ትልም ጨርሶ የሚዞር ጥማድ ማለት ነው። አያቴ ገበሬ ነበሩ፣ ለእሳቸው ብነግራቸው «ታዲያ ሌላ እንዴት ይጻፋል?» ይሉኝ ነበር።

የሕጉ ይዘትም ዋዛ አይደለም። ባልና ሚስት ሲፋቱ ሴቲቱ ወደ ትዳሩ ይዛ የገባችውን ይዛ ትወጣለች፣ ከራሷ ንብረት ከተገኘው ምርት ግማሹን፣ ከሸመነችውም ግማሹን ትወስዳለች። ከፍርግርግ ኋላ ነው የሚታየው፣ መነጽር ይያዙ።

የቁስቋም ጎረቤት፦

ልጄ፣ እኔ አልሄድኩም፣ የወለድኳት ልጅ ግን ሄዳ ፎቶ አሳይታኛለች። የቅዱስ ጳውሎስ ደቀ መዝሙር ቲቶ የተሾመው በቀርጤስ ነው፣ መልእክቱን ታውቂዋለሽ። ጎርቲና የቲቶ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አለ። ሄራክሊዮን ከተማ ውስጥ ደግሞ በስሙ የቆመ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ የራስ ቅሉ እዚያ ነው ያረፈው። ቬኒስ ወስደውት ኖሮ በ1966 እ.ኤ.አ. ነው የተመለሰው። ከሁሉ በፊት እዚያ ሳሙ። በሐዋርያት ሥራ ላይ የጳውሎስ መርከብ የደረሰችበት መልካም ወደብም እዚያው ደቡቡ ላይ ነው፣ ዛሬም በግሪክኛ ስሙ ያው ነው አለችኝ።

ጾም ካገኛችሁ አትጨነቁ። እነሱም ይጾማሉ፣ የጾም ምግብ ለማለት «ኒስቲሲማ» በሉ ይገባቸዋል።

ማራኪ ልጅ፦

እሺ ተሸነፍኩ። ግን ጳውሎስ ለቲቶ ሲጽፍ የቀርጤስ ሰዎች ውሸታሞች ናቸው የሚል ነገር ጠቅሶ የለም እንዴ? ታክሲ ስትይዙ ዋጋ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ 😂

የፒያሳዋ፦

😂 አባባ ሳቁ። «ጎንደር ፒያሳ ባጃጅ የያዘ ሰው ቀርጤስ ላይ አይሸወድም» ብለዋል።

የመጨረሻ ጥያቄ፣ ከርዕሱ ትንሽ ይወጣል። እህቴ ቅቤ አምጡልኝ ብላለች፣ የእማማን። ይገባል?

ስድስት ዓመት ቀርጤስ፦

አይገባም። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ካለ አገር ይዞ መግባት ክልክል ነው። ቋንጣም እንደዚያው። ኤርፖርት ላይ ካገኙት ይጥሉታል፣ እኔ ዓይኔ እያየ ነው ሁለት ኪሎ የጣሉብኝ። በርበሬና ሽሮ ያዙላት፣ ቅቤውን ስትመጣ ትበላለች።