«ኦርፋን» ወላጅ አልባ ነው ወይስ የሙት ልጅ?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ። ባለቤቴ የኦሃዮ ልጅ ናት። የአያቷን አያት ዱካ እየፈለግን ነው (ምንዥላት ነው የሚባለው? እሱንም ንገሩኝ)። በ1854 የተጻፈ የፍርድ ቤት ወረቀት አገኘን። ሰውየውን «ኢንፋንት» ይለዋል፤ «ኦርፋን» ይለዋል፤ ሞግዚትም ሾሞለታል። እኔ «ወላጅ አልባ ጨቅላ» ብዬ ለእናቴ በስልክ አነበብኩላት። አለቀሰች። ኋላ የ1850ውን የሕዝብ ቆጠራ ስናይ «ጨቅላው» ያኔውኑ 15 ዓመቱ ነው! እዚያው ቤት ውስጥ ደግሞ የእሱን የቤተሰብ ስም የያዘች የ40 ዓመት ሴት ተመዝግባለች። ታዲያ ይቺ ማን ናት?

የሕግ ሰው፦ ወንድሜ፣ እናትህን በከንቱ አስለቀስካት። በሕግ እንግሊዝኛ ኢንፋንት ማለት ለአካለ መጠን ያልደረሰ ነው። ያኔ ለወንድ ልጅ 21 ዓመት ነበር። ጢም ያበቀለ ጎረምሳም ኢንፋንት ይባላል። ኦርፋን ደግሞ በዘመኑ የፍርድ ቤት ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ አባቱ የሞተበት ማለት ነው፤ እናቱ ብትኖርም። ነገሩ የውርስ ጉዳይ ነው። አባት ንብረት ትቶ ሲሞት ያንን የሚጠብቅ ሰው ይሾማል። እናት ቤት ውስጥ እያለች አጎት ወይም ጎረቤት ሊሾም ይችላል። በእኛም ሕግ እኮ አሳዳሪና ሞግዚት ለየቅል ናቸው። አሳዳሪ ልጁን ይይዛል፣ ሞግዚት ንብረቱን። (ሞግዚት ስል ልጅ የምትይዘውን ሠራተኛ ማለቴ አይደለም።)

ግን ሴትየዋን «እናቱ ናት» ብለህ አትቸኩል። የ1850 ቆጠራ ስም፣ ዕድሜና የትውልድ ቦታ እንጂ ዝምድና አይጽፍም። «ሚስት፣ ልጅ፣ ደባል» እያለ መጻፍ የጀመረው በ1880 ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦ እኛ እኮ ቃሉ አለን! የሙት ልጅ። ቃሉ ወላጅ የለውም አይልም፤ የሞተ ሰው ልጅ ነው ይላል። ሰፈራችን እናቱ ጠላ እየሸጠች ያሳደገችው ልጅ ነበር፤ ሁሉም የሙት ልጅ ነበር የሚለው። ግዕዙም እጓለ ማውታ ነው። «ወላጅ አልባ» ለእኔ የቢሮ ቃል ነው፤ ሪፖርት ሪፖርት ይሸተኛል።

ምንዥላትን በተመለከተ፦ እኛ ቤት አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንዥላት ነው፤ ስለዚህ ትክክል ነህ። መሃል ላይ ቅም አያት የሚያስገቡም አሉ። እነሱ ጋ ምንዥላት አንድ እርከን ከፍ ይላል።

ታሪክ ወዳጇ፦ የአብርሃም ሊንከን ቤተሰብ ጥሩ ምሳሌ ነው። አባቱ ቶማስ ገና ልጅ እያለ በ1786 አባቱ ኬንታኪ ውስጥ ተገደለበት። እናቱ ግን ነበረች። የሙት ልጅ ማለት ይሄ ነው። ሊንከን ራሱ በ9 ዓመቱ፣ በ1818፣ እናቱን አጣ። በዓመቱ አባቱ ሳራ ቡሽ ጆንስተንን አገባ፤ እሷም ባሏ የሞተባት፣ የሦስት ልጆች እናት። በድሮ እንግሊዝኛ እንዲህ ያለችውን የእንጀራ እናት «ማዘር ኢን ሎው» የሚሏት ነበሩ። ስለዚህ አሮጌ ደብዳቤ ላይ ይህን ስታዩ አማት ብላችሁ አትሩጡ።

ጠያቂ፦ ተባረኩ። ዛሬ የሴትየዋን የመቃብር ድንጋይ ፎቶ አገኘን። የአባትየውን ስም ጠርቶ የእሱ «ሬሊክት» ይላታል። ይሄስ?

ፊደል ቆጣሪ፦ መበለት። ከላቲን የመጣ ነው፤ ወደ ኋላ የቀረች እንደማለት። ከባሏ ቀድማ ብትሞት «ኮንሶርት» ተብሎ ይጻፍላት ነበር። እሷ ግን ባሏን ቀብራለች።

የሕግ ሰው፦ የአባትየው ሚስት መሆኗ ተረጋገጠ። ወላጅ እናቱ ትሁን የእንጀራ እናቱ ግን ድንጋዩ አይነግርህም። የጋብቻ መዝገቡን ቀን ከልጁ ዕድሜ ጋር አስተያይ።

ጠያቂ፦ እሺ፣ ሰኞ እንጠይቃለን። እናቴ ጋ ደውዬ «ጨቅላ አይደለም፣ የሙት ልጅ ነው፤ ቤቱ ውስጥም እናቱ ሳትሆን የማትቀር ሴት አለች» አልኳት። «ታዲያ መጀመሪያውኑ የሙት ልጅ አትለኝም ነበር?» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ።