የክንፍ ሥር ፌሪንግ፦ ላሜራ ይሻላል ወይስ ፋይበር ግላስ?

ቮልስ_ከለገጣፎ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለገጣፎ ግቢዬ ውስጥ የምሠራት ባለ አንድ መቀመጫ አውሮፕላን ክንፎቿ ቦዲው ላይ ታሰሩ፣ ተመስገን! ክንፏ ከታች ነው፣ ሞተሯ የቮልስ፣ ቦዲዋ አሉሚኒየም። አሁን የቀረኝ ክንፉና ቦዲው የሚገናኙበትን ክፍተት የሚሸፍነው ፌሪንግ ነው። ክፍተቱ ከፊት ጣት አያስገባም፣ ወደ ኋላ ግን እየሰፋ ሄዶ ሁለት ጣት ይሆናል። ቦዲው ደግሞ ወደ ጭራው እየጠበበ ስለሚሄድና ሆዱ ክብ ስለሆነ፣ ከኋላ በኩል ክንፉ ላይ ሲያርፍ ጠበብ ያለ ጥግ ይሠራል።

የውሃ ታንከርና የመኪና ፓራውልት በፋይበር የሚሠራ ጎረቤት አለኝ። "በሬዚን አጣብቄ በስቱኮ እዘጋልሃለሁ፣ መጋጠሚያው የት እንደሆነ እንኳን አይታወቅም" ይለኛል። እጁ ጎበዝ ነው፣ ግን ልቤ አልተቀበለውም። ላሜራ ልጠቀም ወይስ ፋይበር? ማጣበቁስ እንዴት ነው? ጥጉንስ ምን ያህል ማክበብ፣ ማለትም ክብ አድርጌ መሙላት አለብኝ?

ላሜራ_ቢሾፍቱ፦

እንኳን ለዚህ አበቃህ ወንድሜ። ማጣበቁን ከአሁኑ እርሳው። ክንፉን የያዙት ብሎኖች ያሉት እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። የነዳጅ ቱቦው በዚያ ያልፋል፣ የአይለሮኑ (አውሮፕላኗን ወደ ጎን የሚያጋድለው የክንፉ ተንቀሳቃሽ ክፍል) ዘንግ በዚያ ያልፋል፣ የፍጥነት መለኪያው ቱቦም እንደዚያው። በየዓመቱ ከፍተህ የማታየው ብሎን እንዳለ አይቆጠርም። ጎረቤትህ መኪና ላይ ልክ ነው፤ ፓራውልት ግን ክንፍ አይሸፍንም።

ሁለተኛ ነገር፣ ክንፍ በአየር ላይ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ንፋስ ሲመታው ከቦዲው አንጻር በትንሹም ቢሆን ይነቃነቃል፣ ስለዚህ ፌሪንጉን በሁለቱም በኩል ካሰርከው ቆይቶ ወይ ይሰነጠቃል ወይ ቪቴዎቹ ቀዳዳቸውን እያሰፉ ይላቀቃሉ። በክንፉ በኩል በቪቴ እሰረው። በቦዲው በኩል ጠርዙን ጎማ አልብሰህ ጫን ብሎ እንዲያርፍ ብቻ አድርገው። ጎማው የሚያርፍበት ቀለም ላይ ግልጽ ፕላስተር ለጥፍ፣ አለበለዚያ ፍትጊያው ቀለሙን ይበላዋል።

ከመቁረጥህ በፊት የሁለቱም ክንፎች አንግል እኩል መሆኑን ለክተህ፣ ዋናዎቹን ብሎኖች በልካቸው አጥብቀህ ጨርስ። ፌሪንግ የመጨረሻ ሥራ ነው፤ ክንፉ ትንሽ ከተነካ ፌሪንጉ እንደገና ነው። ቅርጹን መጀመሪያ በካርቶን አውጣ፣ ካርቶኑ ሲገጥም ወደ ላሜራ አዙር። 0.6 ሚ.ሜ አካባቢ የሆነ ለስላሳ አሉሚኒየም ይበቃል፣ ፌሪንግ ጭነት አይሸከምምና። ይህን ያልኩት ለፌሪንግ ብቻ ነው፣ ለክንፉ ለራሱ እንዲህ ያለ ላሜራ አይታሰብም። ቀዳዳዎቹ ከጠርዙ ቢያንስ የዲያሜትራቸውን 2 እጥፍ ይራቁ። ስፓሩ ላይ፣ ማለትም የክንፉን ጭነት የሚሸከመው ዋናው አግዳሚ ላይ ደግሞ ትራፓኖ እንዳታስጠጋ። ቪቴ የሚይዝልህ የክንፉ ቆዳ ነው፤ ከውስጥ በኩል ዳዶ ያለው ሳህን በሪቬት አስቀምጥለት።

ሬዚን_ሰበታ፦

ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ያ የኋላው ጥግ በላሜራ አይወጣም። ላሜራ በአንድ አቅጣጫ በቀላሉ ይታጠፋል፣ በሁለት አቅጣጫ ለማጉበጥ ግን የቀጥቃጭ እጅ ይጠይቃል። እኔ የምመክርህ ፊቱን በላሜራ፣ ኋላውን በፋይበር ነው።

ቦዲውንና ክንፉን በሰፊ የካርቶን ስኮች ሸፍን፣ ላዩ ላይ ሰም ቀባ፣ ጥጉን በፎም ሙላና በብርጭቆ ወረቀት ቅርጽ አውጣለት። ከዚያ ፋይበሩን አልብሰው። ሲደርቅ ከነፎሙ ነቅለህ ታወጣዋለህ፣ ፎሙን ትፍቀዋለህ። የጎረቤትህ ሬዚን ፖሊስተር ከሆነ ነጩን የማሸጊያ ፎም ያቀልጠዋል፣ ስለዚህ ኢፖክሲ ተጠቀም። ለገጣፎ ማታ ማታ ይበርዳል፣ በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ። ብርድ ላይ ኢፖክሲ ይዘገያል። እንዲፈጥን ብለህ ማጠንከሪያውን እንዳትጨምር፣ ልኩ ከተዛባ መቼም በደንብ አይጠነክርም። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ጀምር፣ ማታ ክፍሉን አሙቅ። ስትፈገፍግ ማስክ አድርግ፣ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ቀልድ የለውም። ቀለሙን ደግሞ ነጭ አድርገው። በክፍል ሙቀት የደረቀ ኢፖክሲ ከ60 ዲግሪ ወዲያ መለስለስ ይጀምራል፣ ጥቁር ቀለም የእኛን ፀሐይ ይዞ እዚያ ይደርሳል።

ንፋስ_ዋሻ፦

ስለ ማክበቡ እኔ ልመልስ። መጀመሪያ ክፍተቱ ይዘጋ። ከክንፉ በታች ያለው ግፊት ከላይኛው ስለሚበልጥ አየሩ በክፍተቱ ወደ ላይ ይሾልክና የላይኛውን ፍሰት ያበላሻል። ቀጥሎ ጥጉ። አየር ወደ ክንፉ የኋላ ጠርዝ ሲሄድ ግፊቱ እየጨመረ ይቀበለዋል፣ በዚያ ላይ ሁለት ግድግዳ ይዞታል፣ ስለዚህ ይደክምና ይላቀቃል። ክብ ሆድና ዝቅተኛ ክንፍ ሲገናኙ ከሁሉም የባሰ ነው፣ ያንተ ማለት ነው።

ይህ የፍጥነት ጉዳይ ብቻ አይምሰልህ። እ.ኤ.አ. በ1930 እንግሊዝ ውስጥ አንድ ዩንከርስ ኤፍ 13 የሚባል ጀርመን ሠራሽ የመንገደኛ አውሮፕላን አየር ላይ ተበታትኖ ተሳፋሪዎቹ አልቀዋል። የእንግሊዝ መርማሪዎች ከክንፉ የተላቀቀው አየር ጭራውን እየደበደበ ሰበረው ወደሚል ድምዳሜ ደርሰዋል። ዩንከርሱም ዝቅተኛ ክንፍ ነበር። በዚያው አሥርት ዓመት ናካ የሚባለው የአሜሪካ የበረራ ምርምር ተቋም 209 የክንፍና የቦዲ ጥምረቶችን በንፋስ ዋሻ (ሞዴል ላይ ንፋስ እየነፉ በሚፈትሹበት ቱቦ) ፈትሿል። የእንግሊዙን ተዋጊ አውሮፕላን ስፒትፋየርን በፎቶ ብታየው ክንፉ ሥር ያለው ያ ትልቅ ክብ ነገር ለውበት አይደለም።

ስለዚህ ከፊት ጠርዝ እስከ ክንፉ ወፍራም ቦታ ድረስ ትንሽ ክብ ይበቃል። ከዚያ ወደ ኋላ እየሰፋ ይሂድ፣ የኋላ ጠርዙን አልፎም ትንሽ ይቀጥል። ፍላፕ (ለማረፍ ወደ ታች የሚታጠፈው የክንፉ የኋላ ክፍል) ካለህ ሙሉ በሙሉ ሲወርድ እንዳይነካው። ቦሌ ኤርፖርት 2,334 ሜትር ላይ ነው፣ እዚያ ከፍታ ላይ ቱርቦ የሌለው ቮልስ ከኃይሉ ከ20 በመቶ በላይ ያጣል፣ የቀረውን ኃይል ጥጉ ላይ አታባክነው። ከሲቪል አቪዬሽን ፈቃድህን አግኝተህ መብረር ስትጀምር አጫጭር የሱፍ ክር እዚያ ቦታ ላይ ለጥፍና በትንሽ ካሜራ ቅረጸው። ክሮቹ ተኝተው ከሄዱ ጥሩ ነው። ከተወራጩ ወይም ወደ ፊት ከዞሩ ክቡ ይስፋ።

ቮልስ_ከለገጣፎ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ፊቱ ላሜራ ኋላው ፋይበር ይሁን። ጎረቤቴንም ኢፖክሲውን አብሮኝ እንዲያለብስ እጠይቀዋለሁ። ጋሼ አንድ ነገር ብቻ፣ ሁሉንም ከዘጋሁት የክረምቱ ዝናብ የት ይሂድ? አውሮፕላኗ የቆመችው ሸራ ሥር ነው።

ላሜራ_ቢሾፍቱ፦

ጥሩ ጠየቅህ። የታችኛው ፌሪንግ ላይ፣ አውሮፕላኗ በጎማዋ ስትቆም ዝቅ የሚለው ቦታ የት እንደሆነ ውሃ አፍስሰህ እይና እዚያ 6 ሚ.ሜ ቀዳዳ ብሳ። የነዳጅ ቱቦው መገጣጠሚያ ካንጠባጠበም በዚያው ይወጣል፣ ሽታውም ቶሎ ይነግርሃል። ከመዝጋትህ በፊት ደግሞ መሪውን እስከ ዳር ድረስ ወደ ሁሉም አቅጣጫ አንቀሳቅስ፣ ሌላ ሰው ክፍተቱ ውስጥ በባትሪ እያየ። ዘንጉ የፌሪንጉን ጠርዝም ሆነ የቪቴ ጫፍ መንካት የለበትም።