የድሮ የግድግዳ ወረቀት እንዴት ይነሳል?

ሰላም ወገኖች። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ እ.ኤ.አ. በ1956 የተሠራ ቤት ገዝተን ገና መግባታችን ነው። መኝታ ቤቶቹ በሙሉ አበባ አበባ ባለው የድሮ ወረቀት ተለጥፈዋል። ራሳችን ልናነሳው አስበናል። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉን። ከየት እንጀምር?

— እህቴ፣ እንኳን ለቤታችሁ አበቃችሁ። ልጆች አሉ ካልሽ ከእነሱ ልጀምር። አሜሪካ ውስጥ ሊድ የሚባለው የእርሳስ ማዕድን ያለበት የቤት ቀለም የታገደው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። የእናንተ ቤት ከዚያ በፊት የተሠራ ስለሆነ ከወረቀቱ ስር እንዲህ ያለ ቀለም ሊኖር ይችላል። አቧራው የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ መጀመሪያ በባለሙያ አስመርምሩ። እስከዚያ አትፋቁ፤ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግማ ጭራሽ አይታሰብ።

ቀጥሎ ግድግዳው ምን እንደሆነ እወቁ። አገር ቤት የለመድነው ብሎኬት ላይ የተለሰነ ነው፤ ብትፍቁት ብትፍቁት ምንም አይል። እዚህ ብዙው ድራይዎል ነው፤ በሁለት ወረቀት መካከል ያለ ጂፕሰም በሉት። የማይታይ ጥግ ላይ መርፌ ጫኑበት። በቀላሉ ከገባ ድራይዎል ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ስፓቱላዬን አቁሜ ስፍቅ የግድግዳው ቆዳ አብሮ ተላጠ። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ስቱኮ ስደፍን አለፈ።

ውሃ ስለምትረጩ የክፍሉን የኤሌክትሪክ ማቋረጫ (ብሬከር) አጥፉ። ከጥግ ጀምራችሁ ላዩን በደረቁ ሳቡት። ፕላስቲክነት ያለው ወረቀት ውሃ ስለማያሳልፍ እሱ ሳይነሳ ማርጠብ ከንቱ ድካም ነው። ስሩ ለሚቀረው ስስ ወረቀት ለብ ያለ ውሃ ላይ ትንሽ የዕቃ ሳሙና ጨምሩና ርጩ። አስር፣ አስራ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ስፓቱላውን አስተኝታችሁ ግፉት። እጃችሁ የሚደርስበትን ያህል ብቻ አርጥቡ፤ ድራይዎል ውሃ ከበዛበት ይላላል።

ሙጫውን አትናቁት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩልና ቀለሙ በኋላ ይሰነጠቅበታል። ግድግዳውን በእርጥብ እጅ ዳብሱት። እንደ እንቁላል ነጭ የሚያዳልጥ ከሆነ ሙጫ አለ ማለት ነው። ውሃ እየቀየራችሁ በስፖንጅ እጠቡት። በደንብ ሲደርቅ በዘይት የተሠራ ፕራይመር ቀቡ፤ ቀለሙ ከዚያ በኋላ ነው።

— እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ተመርምሮ ሊድ የለበትም ተባልን፤ ተመስገን። መርፌውም አልገባም። ግን አንዱን ወረቀት ስናነሳ ሌላ ወጣ፤ ሦስት ድርብ ነው!

— እሰይ፣ ልስን ነዋ! እንግዲያው የእንፋሎት ማሽን ለአንድ ቀን ተከራዩ፤ የሕንፃ ዕቃ መሸጫዎች ያከራያሉ። ልስን እንፋሎቱን ይችላል። ወፍራም ጓንት አድርጉ፤ የሚንጠባጠበው ውሃ ያቃጥላል። ልጆቹ የዚያን ቀን ዘመድ ቤት ይዋሉ።